ብርሃን ዓይንን ሲጎዳ

(ስለ ሌዘር ጨረርና ስለ ዓይን ጥንቃቄ በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የዛሬው ንግግሬ ስለ ዓይንና ስለ አንድ ልዩ ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ሌዘር ይባላል። በተለይም በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ከታሸገ ጋዝ የሚወጣው የሌዘር ጨረር በዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሊቃውንት ከ60 ዓመት በላይ ያደረጉትን ምርመራ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁም የንግግሬን መነሻ ከጋምቤላ ከተማ አደርገዋለሁ። በባሕር ማዶ የሆነውን በአውሮፓውያን፣ በአገራችን የሆነውን ግን በራሳችን የዘመን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ለሥራ ጉዳይ ጋምቤላ በሄድሁበት ጊዜ፣ አንድ ቀን የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል የባሮን ወንዝ ለማየት ወደ ድልድዩ ወረድሁ። በዚህ ወንዝ ላይ በቀድሞው ዘመን በክረምት ወራት ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ሸቀጥ አራግፈው የአገራችንን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ከድልድዩ ዳር ጥቂት ልጆች ተሰብስበው ይጫወታሉ። ታላቅየው ከገበያ የተገዛ፣ እርሳስ የሚያህል መሣሪያ ይዟል። ቁልፉን ሲጫነው እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ብርሃን ወጥቶ ከወንዙ ማዶ ያለውን ዛፍ ይነካል። ነገሩ በእውነቱ የሚያስደንቅ ነበረ።

ጥቂት ቆይቶ ግን ጨዋታው መልኩን ለወጠ። ልጁ ብርሃኑን ወደ ታናሽ ወንድሙ ፊት መልሶ «እስቲ ዓይንህን ሳትጨፍን እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» አለው። ታናሽየውም ጀግና ለመባል ዓይኑን አፍጥጦ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ጀመረ። እኔም ደንግጬ «ተው ልጄ፤ የወንድምህን ዓይን ታጠፋዋለህ» ብዬ እጁን ያዝሁት። ልጁ ግን ምንም ሳይደነግጥ «ጋሼ፤ ይህ እኮ ብርሃን ነው፤ እሳት አይደለም» ሲል መለሰልኝ።

ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ለዚህ መልስ ነው። ልጁ የተናገረው ብዙዎቻችን በልባችን የምናምነውን ነውና። ብርሃን እንድናይበት የተሰጠን ስለ ሆነ ራሱ የሚያሳውር አይመስለንም። እንዴት እንደሚያሳውር ለመረዳት አስቀድመን የዓይንን አሠራር እንመልከት።

ዓይን ከፊት ለፊቱ ኮርኒያ የተባለ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ሽፋን አለው። ከዚያ ቀጥሎ ብርሃን የሚገባበት ብሌን፣ ከብሌኑ በስተኋላ ደግሞ ሌንስ ይገኛል። በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሬቲና የተባለ እጅግ ስስ ሽፋን ተዘርግቷል። ኮርኒያውና ሌንሱ የገባውን ብርሃን ሰብስበው ሬቲናው ላይ ያሳርፉታል፤ ሬቲናውም የተቀበለውን በዓይን ሥር በኩል ወደ አንጎል ይልካል። ከሬቲናው መካከል አንዲት ትንሽ ስፍራ አለች፤ እርስዋም ፊደል የምንለይባትና የሰውን መልክ የምናውቅባት ናት። ስፋትዋ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህች ስፍራ ከተጎዳች ሰው በጎንና በጎን ያለውን እያየ፣ ትኩር ብሎ የሚመለከተውን ነገር ግን አያየውም።

ልጆች በማጉያ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው ደረቅ ሣር ሲያቃጥሉ ያላየ ሰው የለም። የዓይናችንም ሌንስ እንዲሁ ነው። የኩራዝ ወይም የአምፑል ብርሃን ወደ አራቱም ማዕዘን ስለሚበተን፣ ወደ ዓይናችን የሚገባው ከብዙ ጥቂቱ ነው። የሌዘር ብርሃን ግን አይበተንም፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ የሚሄድ ስለ ሆነ ሩቅ ቢደርስም ኃይሉ ብዙ አይቀንስም። ዓይንም ይህን ጨረር ሲቀበል ከአንዲት ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ሊቃውንት እንዳሰሉት፣ ከኮርኒያ ላይ ያረፈው ጨረር ሬቲና ላይ ሲደርስ በዚያች ነጥብ ላይ የሚከማቸው ኃይል እስከ 100 ሺህ እጥፍ ይበረታል። እንግዲህ ሣሩን የሚያቃጥለው ብልኃት በራሳችን ዓይን ውስጥ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ። የመጀመሪያውን ሌዘር የሠራው ቴዎዶር ሜይመን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ይህም የሆነው በ1960 በግንቦት ወር ሲሆን፣ ብርሃኑ የወጣው ሩቢ ከተባለው ቀይ ዕንቁ ነበረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ቴህራን የተወለደው ዓሊ ጃቫን ከባልደረቦቹ ከዊሊያም ቤኔትና ከዶናልድ ሄሪዮት ጋር ቤል በተባለው ቤተ ምርምር የመጀመሪያውን የጋዝ ሌዘር አስገኘ። ይኸውም ሂሊየምና ኒዮን የተባሉትን ጋዞች በቱቦ ውስጥ ቀላቅሎ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው። የሩቢው ብርሃን ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሲሆን፣ የጋዙ ሌዘር ግን ሳያቋርጥ የሚፈስ ሆነ። መጀመሪያ የወጣው ጨረር በዓይን የማይታይ ነበረ፤ የሚታየው ቀይ ብርሃን በ1962 ተገኘ። በ1964 ደግሞ የሕንድ ተወላጅ የሆነው ኩማር ፓቴል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሜሪካዊው ዊሊያም ብሪጅስ ከአርጎን ጋዝ እጅግ የበረታ ጨረር አወጡ።

ሐኪሞችም ይህ አዲስ ብርሃን ለዓይን ምን ያመጣ ይሆን ብለው ለመመርመር አልዘገዩም። ሚልተን ዛሬት የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የሩቢን ሌዘር በጥንቸሎች ዓይን ላይ ሞክረው፣ ከሴኮንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ሬቲናው እንደሚቃጠል በ1961 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ሌዘር ከተሠራ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የጋዝ ሌዘሮችም በየተራ ተመረመሩ። ከምርመራው የተገኘውን ዋና ዋና ነገር በአራት ከፍዬ ላስረዳ።

አንደኛ፤ እንደ ሂሊየም ኒዮንና እንደ አርጎን ያሉት የሚታይ ብርሃን የሚሰጡ ሌዘሮች በኮርኒያና በሌንስ ውስጥ ያለ ከልካይ አልፈው ሬቲናን ይመታሉ። ከቀይ ብርሃን በታች ያሉት አንዳንድ የማይታዩ ጨረሮችም እንዲሁ ያልፋሉ። እነዚህ የማይታዩት ይብሱን አደገኞች ናቸው፤ ሰው ሳያያቸው ዓይኑን አይከድንምና።

ሁለተኛ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጨረር አይታይም፤ ወደ ዓይን ውስጥም አይገባም። እንባና ኮርኒያ ውኃ ስላላቸው እዚያው ይውጡታል። ስለዚህ የሚያቃጥለው የፊተኛውን መስተዋት ነው። ኮርኒያ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ የቀረው ዓይን ደኅና ቢሆንም በቆሸሸ መስኮት እንደ ማየት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ከአንዳንድ የጋዝ ሌዘሮች አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ይወጣል። ይህ የኮርኒያን ገጽ ያቆስላል፤ ሕመሙ ግን ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ይመጣል።

አራተኛ፤ ጉዳት የሚመጣው በሙቀት ብቻ አይደለም። ዊሊያም ሃምና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ዓይን ላይ የተለያየ ቀለም ያላቸውን የሌዘር ጨረሮች ሞክረው በ1976 እንዳሳወቁት፣ ሰማያዊ ብርሃን ሬቲናውን ሳያግለው እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲያርፍበት በኬሚካዊ መንገድ ያበላሸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ግኝቶች የጥንቃቄ ደንብ ወጣ። ሰው ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት ሳያስበው ዓይኑን ይከድናል፤ ይህም አንድ ሴኮንድ ለአራት ቢከፈል ከአንዱ እጅ ጊዜ አይበልጥም። ስለዚህ ኃይሉ ከአንድ ሚሊ ዋት የማይበልጥ፣ የሚታይ የሌዘር ብርሃን ድንገት ዓይን ላይ ቢያርፍ ራሱ የዓይን ቆብ ያድነዋል ተብሎ ተወሰነ። በዚህ መሠረት ሌዘሮች እንደ ኃይላቸው ከ1 እስከ 4 ባለው ቍጥር በደረጃ ተከፍለዋል፤ ደረጃው ከፍ ባለ መጠን አደጋውም ከፍ ይላል። እንግዲህ በጋምቤላ ድልድይ ላይ የነበሩት ልጆች ውድድር ምን እንደ ነበረ ልብ በሉ። ፈጣሪ ለዓይን የሰጠውን ያንኑ መከላከያ፣ የዓይንን ቆብ፣ በገዛ ፈቃድ ማስወገድ ነበረ።

የልጆቹ መሣሪያ ከጋዝ ሳይሆን ከጠጣር ነገር የሚወጣ ሌዘር ነው የሚል አስተዋይ አድማጭ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ዳሩ ግን ዓይን ጨረሩ ከምን እንደ ወጣ አይጠይቅም፤ የሚጎዳው በቀለሙ፣ በኃይሉና በቆይታው ልክ ነው። ከዚህም በላይ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የተጻፈው ቍጥር ብዙ ጊዜ አይታመንም። በአሜሪካ የመንግሥት የመለኪያ መሥሪያ ቤት በ2013 ባስታወቀው ምርመራ፣ 122 መሣሪያዎች ተለክተው ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ ያህሉ፣ ከቀዮቹም 44 በመቶው ከደንብ ውጭ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ የሆነው ሕግና ተቈጣጣሪ ባለበት አገር ነው። በየገበያችን በጉሊት ተዘርግቶ የሚሸጠውን ማን ለክቶታል? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው።

የሬቲና ቃጠሎ ሌላም ክፉ ጠባይ አለው። እጅ ሲቃጠል ሕመሙ ያስጮኻል፤ ሬቲና ግን የሕመም ስሜት የለውም። ልጁ አያለቅስም፤ እናቱም አታውቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምናልባት መምህሩ «ይህ ልጅ ንባብ ሰነፈ» ይለዋል። የሰነፈው ግን ልጁ ሳይሆን የፊደሉ መካከል ጠፍቶበት ነው። የሞተውም የሬቲና ክፍል ተመልሶ አይበቅልም።

በጋምቤላና በሌሎችም የአገራችን ከተሞች ከዚህ ዓይነት ጉዳት ጋር የሚዛመዱ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው የብየዳ ብርሃን ነው። በር፣ መስኮትና የተሰበረ ባጃጅ በሚበየድበት ደጃፍ ሕፃናት ቆመው ያንን ነጭ ብልጭታ ሲመለከቱ እናያለን። በያጁም አንዳንድ ጊዜ ጭንብሉን ትቶ በጥቁር የፀሐይ መነጽር ይሠራል። ከብየዳ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ቀደም ብዬ በሦስተኛው ተራ የተናገርሁት ነው። ቀን ምንም ሳይሰማው የዋለ ሰው ሌሊት ዓይኑ አሸዋ እንደ ተሞላ ሆኖ ከእንቅልፉ ይነሣል። ይህ ቁስል ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል፤ ነገር ግን ወተት በማፍሰስና ድንች በመለጠፍ ሌላ በሽታ እንዳይጨመርበት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ትክክለኛውም መከላከያ የበያጅ ጭንብል እንጂ የመንገድ መነጽር አይደለም።

ሁለተኛው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ከምዕራብ ኢትዮጵያ እስከ ላሊበላና ከዚያም ባሻገር በሚያልፍ ጠባብ መስመር ላይ እንደ ቀለበት ሆና ታይታለች፤ ከመስመሩ ውጭም በከፊል ተሸፍና ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ በግብጽ በሉክሶር አጠገብ ፀሐይን ከ6 ደቂቃ በላይ ፈጽሞ የሚሸፍን ሲሆን፣ በአገራችን ግን በከፊል ብቻ የሚታይ ነው። በከፊል የተሸፈነች ፀሐይን በባዶ ዓይን መመልከት በአንዲትም ደቂቃ ደኅና የሚሆንበት ጊዜ የለም። ጨለም ስለሚል ብሌን ይሰፋል፤ ከዳር የቀረችው የፀሐይ ጭላንጭል ግን ሬቲናን ለማቃጠል ትበቃለች። የራጅ ፊልም፣ በጢስ የጠቈረ መስተዋትና በገበታ የተሞላ ውኃ አያድኑም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መነጽር ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ወረቀት በመርፌ በስቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በቀዳዳው አልፎ መሬት ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ምስል መመልከት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ልጨምር። በ1945 በአውሮፓ የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ፣ ጌርድ ማየር ሽቪኬራት የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ፀሐይን ካዩት ሰዎች በአንዱ ሬቲና ላይ የቀረውን ጠባሳ ተመለከተ። ሌላው ሐኪም በዚህ አዝኖ ብቻ ያልፍ ይሆናል፤ እርሱ ግን «ብርሃን ጠባሳ ማድረግ ከቻለ፣ የተቀደደውን ሬቲና በዚሁ ጠባሳ መስፋት አይቻልምን?» ብሎ አሰበ። በመጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን፣ ኋላም የብርቱ መብራት ብርሃን ወደ ሕሙማን ዓይን እያስገባ ብዙዎችን አዳነ። የአርጎን ጋዝ ሌዘር ሲገኝ ሐኪሞች ይህንኑ ሥራ በተሻለ ጥራት ያዙት። በ1976 የታወቀ ታላቅ ምርመራ፣ የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ባጠቃው ሰዎች ላይ ይህ ሕክምና ብርቱ የዓይን መጥፋትን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ አስረዳ። ከአርጎንና ከፍሎሪን የሚገኘው ሌዘርም ዛሬ የኮርኒያን ቅርጽ አስተካክሎ መነጽርን እስከ ማስተው ደርሷል። ስለዚህ ሌዘርን እንደ ጠላት አንቍጠረው። ቢላዋ በሐኪም እጅና በሕፃን እጅ አንድ አይደለም፤ ሐኪሙ ስንት ኃይል፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ስፍራ እንደሚያሳርፍ ያወቀው ጉዳቱ አስቀድሞ ስለ ተመረመረ ነው።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ ምክንያት ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ ትራኮማ ፊትን በመታጠብ፣ ንጽሕናን በመጠበቅና በመድኃኒት ይከለከላል። በሌዘር የተቃጠለውን የሬቲና መካከል ግን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጅማም ቢሆን በጎሬና በመቱ በኩል ረጅም መንገድ ነው። ይህን ሁሉ ተጕዞ «የሚደረግ ነገር የለም» የሚል ቃል ሰምቶ መመለስ ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ የልጅ አባት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከነባሮቹ በሽታዎች ጋር ገና እየታገልን ሳለ፣ በጥቂት ብር የሚገዛ አዲስ ዕውርነት ወደ ቤታችን ማስገባት አይገባንም።

ልዩ ልዩ መንግሥታት በ1995 በቪየና ተሰብስበው፣ ሰውን ለዘለቄታው ለማሳወር ተብሎ የሚሠራ የሌዘር መሣሪያ በጦርነት እንኳ እንዳይሠራበት የሚከለክል ውል ተቀብለዋል፤ ውሉም ከ1998 ጀምሮ ጸንቷል። በጦር ሜዳ በጠላት ላይ የተከለከለውን በመንደር ውስጥ በወንድም ላይ እንዴት እንፈቅዳለን?

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ይህን መሣሪያ በሕፃን እጅ ስታዩ ተቀበሉት። ነጋዴዎችም ለልጆች መጫወቻ ብላችሁ አትሽጡ። ጨረሩን ወደ ሰው፣ ወደ መኪና ነጂ ወይም ወደ አውሮፕላን ማዞር ፈጽሞ ክልክል ይሁን፤ ከመስተዋትና ከሚያብረቀርቅ ብረትም ተንጸባርቆ እንደሚመለስ አትርሱ። ጨረር ዓይኑን ያገኘው ሰው አንዱን ዓይን እየሸፈነ በሌላው ጽሑፍ ይመልከት፤ የመስመሩ መካከል ቢጠቍርበት ወይም ቢጠምበት ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።

እኔም በዚያ ምሽት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከቦርሳዬ ጋዜጣ አውጥቼ ታናሹን ልጅ በመብራት ሥር አቆምሁትና አንዱን ዓይኑን እየሸፈንሁ አስነበብሁት። በግራው በኩል ጥሩ አነበበ። በቀኙ ግን ጥቂት ቆም ብሎ «መካከሉ ላይ አረንጓዴ ነገር ተቀምጧል» አለኝ። ታላቅ ወንድሙ ይህን ሲሰማ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ከድልድዩ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነገሩ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ፤ በማግስቱም ጠዋት ልጁን አስጠርቼ ባስነብበው በሁለቱም ዓይኑ አንድም ፊደል ሳይስት አነበበልኝ። እርሱ በዚያ ቀን ዳነ። ቍጥሩን እስከ ዐሥር ቢያደርሰው ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ እያሰብሁ፣ ለወላጆቹም ለሐኪም እንዲያሳዩት ነግሬ ተለየሁ።

ታላቅየው ወንድም መሣሪያውን ያለ ምንም ክርክር እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። «ጋሼ፤ ለካ እሳት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም። እኛም ሁላችን ከእርሱ ጋር ይህን እንወቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለጎጆ ቢሆንም፣ ለዓይን ይልቁን ይስማማል፤ የተቃጠለ ጎጆ ተመልሶ ይሠራልና።